የዲንሾ ቆጠራ

በባሌ፣ ከሮቤ ወደ አዳባ በሚያወጣው ጎዳና ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር በላቀ ከፍታ፣ በጥድና በኮሶ ደን አጠገብ የተቀመጠችው ዲንሾ ትንሽ ከተማ ብትሆንም፣ በአገራችን የዱር አራዊት ታሪክ የያዘችው ማዕርግ ከመጠኗ እጅግ የላቀ ነው፤ የፍጥረትን ብዛት በግምትና በወሬ ሳይሆን በሥርዓት ቆጥሮ በመዝገብ የማኖር ልማድ ሥር ከሰደደባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዷ እርስዋ ናትና።

ከዚሁ ምድር አራዊት አንዱ የሆነው የደጋ አጋዘን በዓለም ሊቃውንት ዘንድ የታወቀው ዘግይቶ ነው። እንግሊዛዊው ባክስተን በ1908 እ.ኤ.አ. ካደነው በኋላ ሊዴከር በ1910 ሳይንሳዊ ስም አወጣለት፤ በ1960ዎቹ ደግሞ ሌስሊ ብራውን ወደ ባሌ ወጥቶ አኗኗሩን መረመረ፣ ጥበቃ እንዲደረግለትም አሳሰበ፤ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም በ1970 ግድም ተመሠረተ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን የቀይ ቀበሮው ነገር ነው። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ክላውዲዮ ሲሌሮ ዙቢሪና ባልደረቦቹ፣ ከእነርሱም ጋር በፈረስ ቁርና ጉም ሳይበግራቸው የሚዘልቁት የአካባቢው ኦሮሞ ተመልካቾች፣ ቀበሮዎቹን በየመንጋው ለይተው፣ ከዓመት ዓመት ሳያቋርጡ ይከታተሏቸው ጀመር። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት በባሕረ ሐሳብ አጽዋማትንና በዓላትን አንዱን ዓመት ሳይዘሉ እንደሚያወጡ ሁሉ፣ የእነዚህም ሰዎች ሥራ ኃይሉ ባለመቋረጡ ነው። ይህ ባይሆን ኖሮ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ኋላም በ2003 ከቤት ውሾች የተጋባው የእብደት በሽታ በዌብ ሸለቆ ከቀበሮዎቹ ሦስት አራተኛ ያህሉን ሲፈጅ፣ የጉዳቱን ልክ ማን በለየው ነበር? መዝገቡ በመኖሩ ግን ወረርሽኙ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ ታወቀ፤ ሁሉንም መከተብ ሳያስፈልግ፣ ተለያይተው የሚኖሩትን የቀበሮ ማኅበሮች በሚያገናኙት መተላለፊያዎች ያሉትን መከተብ እንደሚበቃ በ2006 በታተመ ጥናት ተገለጠ።

በመላው ዓለም የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ሲሆኑ፣ ከግማሽ የሚበልጡት በባሌ ይኖራሉ፤ ተራሮቹም በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍረዋል። ስለዚህ በሮቤና በጎባ የምትማሩ ወጣቶች ሆይ፣ ፈረሰኞቹ አባቶቻችሁ የሚያውቁትን ምድር ከእነርሱ ተማሩ፤ መዝገቡንም ተረከቡ።