ቤንዚን የሚያፍነው የቫንከል ሞተር

ፌሊክስ ቫንከል በ1902 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በጀርመን አገር ላር በተባለች ከተማ የተወለደ፣ የዩኒቨርሲቲ ደጅ ያልረገጠ፣ ከዓይኑ ድካም የተነሣም የመንጃ ፈቃድ እንኳ ያልነበረው ሰው ሲሆን፣ ፒስተን እየወጣና እየወረደ የሚሠራውን ሞተር በሚዞር ሞተር ለመተካት ከወጣትነቱ ጀምሮ ሲያወጣና ሲያወርድ ኖሮ፣ በነካርስዙልም ከተማ የሚገኘው የኤንኤስዩ ፋብሪካ ሐሳቡን ተቀብሎለት የመጀመሪያው ናሙና በ1957 ተንቀሳቀሰ። ውጫዊው ቤት ቆሞ ውስጠኛው ብቻ የሚዞርበትን፣ ለሥራም ለጥገናም የሚቀለውን መልክ ያወጣለት ግን የፋብሪካው መሐንዲስ ሃንስ ዲተር ፓሽከ ነው፤ ለውጡ ቫንከልን ቅር ቢያሰኘውም ለዓለም የተዳረሰው ይኸው የፓሽከ ሥራ ነው።

የዚህ ሞተር አሠራር በእውነት ዕፁብ ነው። ወገቡ ገባ ባለ ሞላላ ቤት ውስጥ ጐኖቹ ያበጡ ሦስት ማዕዘን ብረት ሲዞር፣ በብረቱና በግድግዳው መካከል የሚፈጠሩት ሦስት ክፍሎች በየተራ እየሰፉና እየጠበቡ ቤንዚንና አየሩን ይስባሉ፣ ያምቃሉ፣ ያቃጥላሉ፣ ጭሱንም ያስወጣሉ፤ የሚከፈትና የሚዘጋ ቫልቭ የለም፣ ሽቅብና ቍልቍል የሚመታ ነገርም የለም። ነገር ግን አንዱን ክፍል ከሌላው የሚለዩት በሦስቱ ማዕዘኖች ጫፍ የተሰኩ ቀጫጭን ማኅተሞች ናቸው፤ እነርሱም፣ በተለይ ሞተሩ ገና በሞተሪኖ ቀስ ብሎ በሚዞርበት ሰዓት፣ እመቃውን የሚይዙት በግድግዳው ላይ በተለጠፈችው ስስ የዘይት ሽፋን ረዳትነት ነው። የዚህ ሞተር ታሪክ ሁሉ፣ ክብሩም ውርደቱም፣ ከእነዚህ ማኅተሞች አይወጣም።

ኤንኤስዩ በ1967 ያወጣት ሮ 80 የ1968 የኤውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብላ ብትመረጥም፣ ማኅተሞቹ ያለ ጊዜያቸው እያለቁ ፋብሪካው በዋስትናው ሞተር ሲተካ ኖረ፤ የሮ 80 ባለቤቶች በመንገድ ሲተላለፉ ያስለወጡትን ሞተር ያህል ጣት አንሥተው ሰላምታ ይሰጣጡ ነበር እየተባለም እስከ ዛሬ ይቀለዳል። ፋብሪካውም በ1969 በቮልክስዋገን ሥር ወደቀ። በሂሮሺማ ግን፣ ዛሬ ማዝዳ የምንለው የቶዮ ኮግዮ ፕሬዚዳንት ማትሱዳ ጹኔጂ በ1961 ከጀርመኖቹ ጋራ ተዋውሎ ስለ ነበር፣ በያማሞቶ ኬንኢቺ የሚመሩ 47 ወጣት መሐንዲሶች ከ1963 ጀምሮ የሰይጣን ጥፍር ብለው ከሰየሙት የግድግዳ ጭረት ጋራ ሲታገሉ ቆይተው፣ ከካርቦንና ከአሉሚኒየም በተቀመመ ማኅተም ድል ነሥተውት፣ በ1967 ኮስሞ ስፖርትን ለገበያ አወጡ። በ1978 አርኤክስ-7 ተከተለች፤ በ1991ም 787ቢ የተባለችው መኪናቸው በፈረንሳይ አገር በሚደረገው የሌማን የሃያ አራት ሰዓት እሽቅድምድም ከጃፓን መኪኖች የመጀመሪያዋ አሸናፊ ሆነች። እንግዲህ ሃያ አራት ሰዓት ሙሉ መሮጥ ያልከበደው ይህ ሞተር፣ ሃያ ርምጃ ሄዶ መቆም የሚያሰናክለው መሆኑ ያስደንቃል።

ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው ከጋራዥ መልስ ነው። መኪናይቱ ለፍሬን ወይም ለሌላ ቀላል ሥራ ትገባለች፤ ሥራው ሲያልቅ መካኒኩ ወይም ረዳቱ ቦታ ለማስለቀቅ አስነሥቶ እስከ ግቢው ጥግ ይነዳትና ወዲያው ያጠፋታል፤ በማግሥቱ ባለቤቱ ሒሳቡን ከፍሎ ቍልፉን ሲያዞር ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሣም። መካኒኩም እኔ ሞተሩን አልነካሁም ብሎ ይምላል፤ መሐላውም ሐሰት የለበትም። ምክንያቱም ለቀዝቃዛ ሞተር የሚሰጠው ቤንዚን የበዛ በመሆኑ፣ ሳይሞቅ ሲጠፋ ያልተቃጠለው በክፍሎቹ ውስጥ ቀርቶ የግድግዳውን ዘይት ያጥበዋል፤ ዘይቱ ሲታጠብ ማኅተሞቹ እመቃውን መያዝ ይሳናቸዋል፣ ካንዴላዎቹም ይረጥባሉ፤ ፈትሉ በዘይት የሰጠመ መቅረዝ እሳት እንደማይቀበል ሁሉ ሞተሩ ብልጭታውን አይቀበልም፤ ባለቤቱም ቍልፉን በደጋገመ መጠን ሌላ ቤንዚን ይጨመርበታል። በፒስተን ሞተር ይህ ፈጽሞ አይደርስም አይባልም፤ ሆኖም እዚያ ከሥር የሚረጨው ዘይት የሲሊንደሩን ግድግዳ ቶሎ ያድሰዋል፤ እዚህ ግን ለማኅተሞቹ የሚደርሳቸው ዘይት በትንሽ ፓምፕ ተመጥኖ የሚመጣ ጥቂት ነገር ነው።

መድኃኒቱን ከፋብሪካው መጽሐፍ ይልቅ ባለቤቶቹ እርስ በርሳቸው በመነጋገር ነው ያስፋፉት። ከሁሉ አስቀድሞ ቤንዚኑን መከልከል ይገባል፤ ይኸውም በአርኤክስ-7 የነዳጁን ፊውዝ በመንቀል (አንዳንዶች ለዚሁ ብቻ ማቋረጫ ማብሪያ ያስገጠሙ ነበር)፣ በተከታይዋ በአርኤክስ-8 ደግሞ የነዳጅ ፔዳሉን እስከ ወለሉ ረግጦ በመያዝ ነው፤ ከዚያ ሞተሪኖውን እያሳረፉ ከ10 ሴኮንድ ለማይበልጥ ጊዜ ማዞር ነው። በዚህም እምቢ ካለ አራቱ ካንዴላዎች ይወጣሉ፤ ብልጭታው ከተቋረጠ፣ እሳትና ሲጋራም ከራቀ በኋላ ሞተሩ ሲዞር ቤንዚኑ በቀዳዳዎቹ ይተፋል፤ ወደየክፍሉ ጥቂት የሞተር ዘይት ጠብ ተደርጎ፣ ካንዴላዎቹ ደርቀው ወይም ተለውጠው፣ በበረታ ባትሪ እንደገና ይሞከራል። በተነሣ ጊዜ የሚወጣው ጭስ እንዲህ በቀላል የሚታይ አይደለምና ለጎረቤት አስቀድሞ መንገር አይከፋም።

በ2003 የወጣችው አርኤክስ-8ም ከዚህ ጠባይ አላመለጠችም። ማዝዳ የኮምፒዩተሩን ትእዛዝ አሻሻለ፣ ጉልበቱ የበረታ ሞተሪኖም ገጠመ፤ በአሜሪካ ለተሸጡት ከ2004 እስከ 2008 ሞዴሎች ደግሞ የሞተሩን ዋስትና እስከ 8 ዓመት ወይም 100,000 ማይል አራዘመ፤ መኪናይቱም በ2012 መሠራቷ አበቃ። በእኔ አስተያየት ፋብሪካው የሚወቀሰው ሞተሩ በቤንዚን በመታፈኑ አይደለም፤ ይህ ከቅርጹ የመጣ ባሕርዩ ነውና፤ የሚወቀሰው ጠባዩን የመኪናይቱ ቍልፍ በእጁ ለሚገባ መካኒክ ሁሉ ገሃድ አድርጎ ባለማስተማሩ ነው።

ስለዚህ ይህች መኪና ያለችህ አንባቢ፣ ቍልፉን ለጋራዡ ስታስረክብ ሞተሩ ከተነሣ የሙቀት መለኪያው መካከል ሳይደርስ እንዳይጠፋ በቃልህ ንገር፣ በወረቀትም ጽፈህ መሪው ላይ ለጥፍ፤ ቦታ ማስለቀቅ ብቻ ከሆነ ግን ሳያስነሡ በእጅ ይግፏት።