የቂሳርያ ረኃብና የባስልዮስ የነዳያን ከተማ

በዛሬዋ ቱርክ መካከለኛ ክፍል የምትገኘውና አሁን ካይሴሪ የምትባለው ከተማ በአራተኛው መቶ ዓመት ቂሳርያ ትባል ነበር። የሮም መንግሥት የቀጰዶቅያ አውራጃ ዋና ከተማ የነበረችው ቂሳርያ ከባሕር ርቃ በደጋ ላይ የተቀመጠች በመሆኗ፣ የወደብ ከተሞች እህል በመርከብ አስመጥተው የሚያልፉት የአዝመራ መጥፋት እርሷን በቀጥታ ለረኃብ ይዳርጋት ነበር። በየብስ የሚጓጓዝ እህል ዋጋው ከመንገዱ ርዝመት ጋር ስለሚንር፣ በክፉ ቀን ጎተራው የሞላ ሰው በጎረቤቱ ሕይወት ላይ ሥልጣን ነበረው። በ368 እና በ369 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) በአገሩ ላይ ድርቅ በወደቀ ጊዜ ይህን ሥልጣን በግልጽ የተቃወመው የከተማዋ ቄስ ባስልዮስ ነበር።

ባስልዮስ በ330 ገደማ የተወለደው ሰፊ ርስት ከነበረው ክርስቲያን ቤተሰብ ነው። በቍስጥንጥንያና በአቴና የንግግር ጥበብንና ፍልስፍናን ከተማረ በኋላ የግብፅን፣ የፍልስጥኤምን፣ የሶርያንና የመስጴጦምያን መነኮሳት ጎብኝቶ በጰንጦስ ምድር በምንኵስና ተቀመጠ፤ ከዚያም ለቅስና ተጠርቶ ወደ ቂሳርያ ተመለሰ። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከሚታወቁት 14 ቅዳሴያት አንዱ በእርሱ ስም ስለሚጠራ ምእመናን ስሙን ያውቁታል፤ ከአርዮሳውያን ጋር ስለ ሥላሴ ያደረገው ክርክርም በሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ነው። በረኃቡ ዘመን ያሰማቸው ስብከቶች ከዚህ ሁሉ ባነሰ መጠን መታወሳቸው ያሳዝናል፤ ስለ እግዚአብሔር የሚነገረውና ስለ እህል የሚነገረው ለእርሱ አንድ ትምህርት ነበርና።

ድኾችን መመገብ በእርሱ የተጀመረ ሥራ አልነበረም። ከክርስትና ወደ ጣዖት አምልኮ የተመለሰው ንጉሠ ነገሥት ዩልያኖስ በ362 ለገላትያ ሊቀ ካህናተ ጣዖት በጻፈው ደብዳቤ፣ ክርስቲያኖች ከራሳቸው ድኾች አልፈው የአረማውያኑንም እንደሚረዱ በምሬት ጠቅሶ፣ እንደ እነርሱ በየከተማው የእንግዳ ማረፊያ እንዲሠራ አዝዟል። ምስክርነቱ ከባላንጣ የመጣ በመሆኑ ክብደት አለው። ይሁን እንጂ በሮም ከተሞች ባለጠጋ ሰው የሚመሰገነው ለዜጎች መታጠቢያ ቤት ሲያሠራ፣ ቲያትር ሲያሳይ፣ ስሙም በድንጋይ ላይ ሲቀረጽለት ነበር፤ ድኻ ድኻ በመሆኑ ብቻ ከማንም የሚጠይቀው መብት አልነበረውም። ባስልዮስ የነካው ይህን ሥርዓት ነው።

የድርቁ ክረምት ዝናብም በረዶም ያልነበረው ደረቅ ቍር እንደ ነበር፣ ጸደዩም በሐሩር እንደ ተከተለው፣ መሬቱ ተሰነጣጥቆ ምንጮች እንደ ነጠፉ ባስልዮስ ራሱ በስብከቱ ገልጿል። የተራበ ሰው ሥጋው እንዴት እንደሚመነምን፣ ዓይኑ እንዴት እንደሚጎደጕድ፣ ቆዳው ከአጥንቱ ጋር እንዴት እንደሚጣበቅ የሐኪም ያህል በጥንቃቄ ይተርካል፤ ይህም አድማጩ በየመንገዱ እያየ የሚያልፈውን ሰው በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተቀምጦ እንዲመለከተው ለማስገደድ ነው። ምሕላ በታወጀበት ጊዜ አዋቂዎቹ በንግዳቸው ተጠምደው፣ ስለ በደሉ ምንም የማያውቁትን ሕፃናት ለጸሎት መላካቸውንም ሳይሸፍን ነቅፏል።

በሉቃስ ወንጌል ስለተነገረው፣ ጎተራውን አፍርሶ ሌላ ትልቅ ጎተራ ሊሠራ ስላሰበው ባለጠጋ በሰጠው ትርጓሜ፣ ልጆቹ የተራቡበትን አባት ያቀርባል፤ ይህ አባት ለሌሎቹ ምግብ ለመግዛት አንዱን ልጁን ለባርነት ሊሸጥ ተነሥቶ፣ የበኵሩን ይሽጥ የመጨረሻውን እያለ ሲሰቃይ፣ እህል ያለው ሰው ደግሞ በዋጋው ላይ ይከራከረዋል። ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ሐሳብ የትምህርቱ ማዕከል ነው፦ ከሚያስፈልግ በላይ ተቀምጦ የቆየ እንጀራ፣ ልብስና ጫማ ባለቤቱ የተራበው፣ የታረዘውና ባዶ እግሩን የሚሄደው ሰው ነው፤ ስለዚህ ሊሰጥ እየቻለ የከለከለ ሁሉ በዚያው ልክ በድሏል። ምድር ለሁሉ የተሰጠች ከሆነች ቀድሞ የያዘ ሰው ሌላውን የመከልከል ሥልጣን ከየት አመጣ ብሎም ይሞግታል። ምጽዋት በዚህ አነጋገር የቸርነት ሥራ መሆኑ ቀርቶ ዕዳ መክፈል ሆነ። መዝሙር 14ን ሲተረጕምም፣ የተቸገረውን ሰው ጭንቀት የትርፍ ምንጭ ያደረጉትን አራጣ አበዳሪዎች በዚሁ ሚዛን መዝኗቸዋል።

ስብከቱ ፍሬ እንዳፈራ የወዳጁ የጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ የቀብር ንግግር ይመሰክራል፤ ባስልዮስ ባለጠጎቹን ጎተራቸውን እንዲከፍቱ አሳምኖ፣ የተራቡትን በአንድ ቦታ ሰብስቦ፣ የጥራጥሬ ወጥ በድስት እያስቀረበ፣ ወገቡን ታጥቆ እግራቸውን ያጥብ ነበር። ከውርስ የቀረውንም ሸጦ ለዚሁ እንዳዋለው ታናሽ ወንድሙ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ጽፏል። እዚህ ላይ የእኅታቸው የማክሪና ሥራ ተለይቶ ሊነገር ይገባዋል፤ በምትመራው ገዳም ከነበሩት ደናግል መካከል በረኃቡ ወራት በየመንገዱ ወድቀው አግኝታ አንሥታ ያሳደገቻቸው ነበሩና። ታሪክ ጸሐፊዎች ሰባኪውን ሲያወድሱ እርሷን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማለፋቸው ፍትሐዊ አይደለም።

ባስልዮስ በ370 ኤጲስ ቆጶስ ከሆነ በኋላ በከተማዋ ዳርቻ ያሠራው ሰፊ ተቋም በኋላ በስሙ ባስሊያስ ተባለ። በውስጡ ቤተ ክርስቲያን፣ የካህናት መኖሪያ፣ የመንገደኞች ማረፊያ፣ የሕሙማን ክፍሎች፣ የሐኪሞችና የአስታማሚዎች ቤት፣ የእጅ ሥራ መሥሪያዎችም ነበሩ፤ በዚህም ብዙ የሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎች ከመጀመሪያዎቹ ሆስፒታሎች አንዱ ያደርጉታል። በተለይ የሥጋ ደዌ፣ በጥንቱ አጠራር ለምጽ፣ የያዛቸው ሰዎች ከገዛ ቤታቸውና ከውኃ ምንጭ ሳይቀር ይባረሩ በነበረበት ጊዜ፣ በዚያ ከመጠለልም አልፈው ኤጲስ ቆጶሱ ራሱ ይስማቸው እንደ ነበር ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ ይናገራል። ሥራው ተቃዋሚ አላጣም፤ ለአገረ ገዥው ኤልያስ ክስ ስለደረሰ ባስልዮስ፣ ይህ ሕንጻ የመንግሥትን ጥቅም በምን ይጎዳል ብሎ የመከላከያ ደብዳቤ ጽፏል። አርዮሳዊው ንጉሠ ነገሥት ቫሌንስ ሳይቀር በሃይማኖት እየተጣላው ለድኾቹ የሚሆን መሬት እንደ ሰጠ የታሪክ ጸሐፊው ቴዎዶሪጦስ መዝግቧል።

ከደብዳቤዎቹ መካከል ደግሞ በታውሮስ ተራራ ብረት የሚያወጡ ሰዎች ግብር ከአቅማቸው በላይ ስለሆነ እንዲቀነስላቸው ለከፍተኛው ባለሥልጣን ለሞዴስጦስ የጻፈው ይገኛል። ይህ አጭር ልመና ከረጃጅሞቹ ስብከቶች የማያንስ ዋጋ አለው፤ ድህነት ከስስት ብቻ ሳይሆን ከመንግሥት አሠራርም እንደሚወለድ ማወቁን ያሳያልና።

ይሁንና ትምህርቱ ያልደፈረው ድንበር ነበረ። በተፈጥሮው ባሪያ የሆነ ሰው የለም ብሎ ያስተማረው ባስልዮስ፣ ባርነትን በሥርዓትነቱ አላወገዘም፤ ለአንዳንዶች ይጠቅማል የሚል ምክንያትም ሰጥቶታል። በእግዚአብሔር መልክ የተፈጠረን ሰው መግዛትና መሸጥ ራሱ በደል መሆኑን በመጽሐፈ መክብብ ትርጓሜው በግልጽ የተናገረው ወንድሙ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ነው። ልጁን ለገበያ ስለሚያቀርበው አባት ያን ያህል የተንገበገበ ሰባኪ ገበያውን ራሱን አለመንካቱ፣ የባስልዮስን ሥራ በሚያከብር ሰው ዘንድ ሊታለፍ የማይገባው ጉድለት ነው።

ባስልዮስ በ379 መጀመሪያ ዐረፈ። በአምስተኛው መቶ ዓመት የጻፈው ሶዞሜኖስ ባስሊያስ በእርሱ ዘመንም በመሥራቹ ስም ይጠራና በዝናው ይታወቅ እንደ ነበር፣ ፕራጲድዮስ የተባለ መነኵሴም እንዳስተዳደረው ጽፏል። ነዳያንንና ሕሙማንን በአንድ ግቢ የሚያስጠልሉ መሰል ቤቶችም በምሥራቁ የሮም ግዛት እየተበራከቱ፣ የኤጲስ ቆጶስነት አገልግሎት የተለመደ ክፍል ሆኑ።