ተራራውና እንስራው፦ በጾመ ነቢያት ውስጥ የተጨመሩት ሦስት ቀናት

ኅዳር 15 ቀን የሚገባው ጾመ ነቢያት እስከ ልደት ዋዜማ ሲቆጠር ከአርባ ያልፋል። አርባው፣ የክርስቶስን መምጣት ሲጠባበቁ የኖሩት ነቢያት የሚታሰቡበት ነው። ትርፎቹ ቀናት ግን ከብሉይ ኪዳን አልመጡም። አንዱ የልደት ገሃድ ሲሆን ሦስቱን የቤተ ክርስቲያን ትውፊት የአብርሃም ሶርያዊ ጾም ይላቸዋል። (ጾሙን ከሐዋርያው ፊልጶስ ጋር የሚያያይዝ ትውፊትም አለ፤ እዚህ የምመለከተው ግን የመጀመሪያውን ነው።) እነዚህ ሦስት ቀናት የተወለዱት በ10ኛው ምዕተ ዓመት በግብፅ ክርስቲያኖች ላይ ከመጣ የመጥፋት ስጋት ነው። በእኔ እምነት የልደትን ዝግጅት ምንነት ከእነሱ የተሻለ የሚያስረዳ የለም፤ ምክንያቱም ቤተ ክርስቲያን የራሷን ጭንቅ ከነቢያት ናፍቆት ጋር አንድ ላይ ትጾማለች፣ መልሱም የመጣላት ለችግረኛ ውኃ በሚቀዳ ሰው በኩል ነው።

አብርሃም ከሶርያ የመጣ ነጋዴ ነበር። እ.ኤ.አ. በ975 በእስክንድርያ መንበር 62ኛው ፓትርያርክ ሆኖ ሲሾም ምእመን እንጂ መነኩሴ አልነበረም፤ በምጽዋቱም አስቀድሞ የታወቀ ነበር። በዚያን ጊዜ ግብፅን የሚገዛው የፋጢሚዱ ኸሊፋ አል ሙዒዝ ነው። ትውፊቱ እንደሚለው ኸሊፋው በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 17 ስለ ሰናፍጭ ቅንጣት እምነት የተነገረውን ሰምቶ፣ ከከተማው በስተምሥራቅ ያለውን የሙቀጠም ተራራ በጸሎት እንዲያነሡ ክርስቲያኖቹን ጠየቀ። ካልሆነላቸው ሃይማኖታቸውን መተው፣ አገር መልቀቅ ወይም በሰይፍ ማለቅ ነበር ዕጣቸው። አብርሃም የሦስት ቀን ቀነ ቀጠሮ ተቀብሎ ሕዝቡን በጾምና በጸሎት ሰበሰበ።

በሦስተኛው ቀን እመቤታችን ለፓትርያርኩ ተገለጠችና ወደ ገበያ እንዲወጣ፣ በዚያም እንስራ የተሸከመ አንድ ዓይና ሰው እንዲፈልግ ነገረችው። ሰውየው በእኛ መጻሕፍት ስምዖን ጫማ ሰፊው ይባላል። ሙያው ቆዳ ፋቂነት ነው፤ በእኛም አገር ቆዳ ፋቂ፣ ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ ምን ያህል ሲናቁ እንደኖሩ የሚያውቅ አንባቢ የምርጫውን ክብደት ይረዳዋል። ስምዖን በየማለዳው ሥራ ከመግባቱ በፊት፣ መቅዳት ለማይችሉ ሽማግሌዎችና ሕሙማን ውኃ ያደርሳል። ፓትርያርኩ ሲያገኘውም በዚሁ ላይ ነበር። በቀጠሮው ቀን ሕዝቡ እግዚኦ መሐረነ እያለ ሰግዶ በተነሣ ቁጥር ተራራው ከፍ አለ ይባላል። ስምዖን ከፓትርያርኩ ኋላ በሕዝቡ መካከል ተሰውሮ ቆመ፤ ሁሉ ካበቃ በኋላ ቢፈለግ አልተገኘም።

ታሪክ ጸሐፊ እዚህ ላይ ቆም ማለቱ ተገቢ ነው። ታሪኩ የደረሰን በእስክንድርያ ፓትርያርኮች ታሪክ ውስጥ፣ በ11ኛው ምዕተ ዓመት የቲኒስ ጳጳስ በነበረው በሚካኤል ጽሑፍ በኩል ነው፤ ከነገሩ በኋላ ብዙ ዐሥርት ዓመታት አልፈዋል። አል ሙዒዝም አብርሃም በተሾመበት በዚያው ዓመት ሞቷል። ስለዚህ የዘመን አቆጣጠሩ ያጠያይቃል። እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ይህን ታሪክ ያቆየው ማኅበረሰብ፣ ተራራ ያነሣውን እምነት ለማሳየት ጳጳስ፣ መነኩሴ ወይም ሊቅ ሳይሆን ውኃ ተሸካሚ መረጠ። ጾሙና ጸሎቱ የሁሉም ነበር፤ የስምዖን እንስራ ግን ስጋቱ ከመምጣቱ በፊትም በየማለዳው ይሞላ ነበር። ዝግጅት የሚለውን ቃል በዚህ መልክ ካልተረዳነው ጾሙ ከምግብ ዓይነት ለውጥ ብዙም አያልፍም።

ዛሬ ከሙቀጠም ሥር የሚኖሩት ዘባሊን የሚባሉ የካይሮ ቆሻሻ ሰብሳቢዎች ናቸው፤ አብዛኞቹም ኮፕቶች። ከላይኛው ግብፅ ተሰደው የመጡ ድሆች ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ወደ ተራራው ሥር ተዛወሩ። በዓለቱ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ የሚይዝ ቤተ ክርስቲያን ፈለፈሉ፣ በስምዖንም ስም ጠሩት። እ.ኤ.አ. በ2009 መንግሥት በአሳማ ጉንፋን ስጋት የአገሪቱ አሳማዎች እንዲታረዱ ሲያዝ፣ የምግብ ትርፍራፊውን በአሳማ የሚያስወግዱት እነዚህ ቤተሰቦች መተዳደሪያቸውን አጡ። ተራራው ተነሣ በተባለበት ቦታ ችግሩ አልተነሣም ማለት ነው። በዚያ የሚጾም ሰው ተስፋውን ከትናንት ተአምር ብቻ አይመዝዘውም፤ ጌታ ገና እንደሚመጣ አምኖ የዛሬውን ቆሻሻ ይለያል፣ ልጁን ያስተምራል።

የእኛ አገር ሁኔታ ለጾሙ ሌላ መልክ ይሰጠዋል። ጾመ ነቢያት በደጋው የሚገባው በአጨዳና በውቂያ ወራት ነው፤ ጎተራው በሚሞላበት ወቅት የሚደረግ ጾም ነው። ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ጾምን ደንግጎ ወዲያው በአንቀጽ 16 ወደ ምጽዋት የሚሻገረው በአጋጣሚ አይመስለኝም። ባለጎተራው የተወው ምግብ ባለቤት አለው፤ ያም የተራበው ነው። ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 የተናገረውም ይኸው ነው፤ እንጀራን ለተራበ ካልቆረሱ፣ ቤት የሌለውን ካላስገቡ ጾሙ አይሰማም።

በ2013 ዓ.ም. ጾሙ የገባው የሰሜኑ ጦርነት በተጀመረ በ20 ቀኑ ነበር። በሁለቱም ወገን ያሉ ምእመናን በያሉበት ያንኑ ጾም ጾሙ፤ ቅዳሴ በተቀደሰበት ሁሉ የስብከት፣ የብርሃንና የኖላዊ ሰንበታት ያንኑ ምስባክ ይዘው መጡ። የሦስቱም ሰንበታት መዝሙረ ዳዊት ልመና ነው፤ የመጀመሪያው እጅህን ከላይ ላክ ይላል፣ ሁለተኛው ብርሃን ይለምናል፣ ሦስተኛው እረኛውን እንዲሰማ ይጣራል። ይህ ልመና በአንድ ወገን አፍ ብቻ ሊቀር አይችልም። የወንድሙን ረሃብ እያወቀ በሩን የዘጋ ሰው እነዚህን ቃላት ሲያዜም በራሱ ላይ እየመሰከረ ነው፤ ይህን በጊዜው በድፍረት ያስተማሩ ጥቂቶች ነበሩ ብል እውነቱን ማሳነስ አይሆንም።

ስለ እረኛው ሲሰበክ ሕዝቅኤል 34 አብሮ መነበብ አለበት እላለሁ። ነቢዩ በዚያ ምዕራፍ መንጋውን ትተው ራሳቸውን የሚያሰማሩትን፣ የተሰበረውን ያልጠገኑትን እረኞች ይከሳል፤ እግዚአብሔር ራሱ እረኛ ሆኖ እንደሚመጣ የሚናገረው ከዚህ ክስ በኋላ ነው። ክሱን ዘልሎ ተስፋውን ብቻ መስበክ ነቢዩን መቁረጥ ነው።

አንድ የሚተገበር ነገርም ላቅርብ። የአብርሃም ሶርያዊ መታሰቢያ በስንክሳር ታኅሣሥ 6 ቀን ነው። ቀኑ በምእመናን ዘንድ በቅድስት አርሴማ በዓል ይበልጥ ስለሚታወቅ በዕለቱ በብዙ አድባራት ሕዝቡ ይበዛል። ሰበካ ጉባኤያት ምእመናን ከጾሙ ያተረፉትን እህልና ገንዘብ በዚህ ቀን ሰብስበው ለተፈናቃዮች ቢያደርሱ፣ ዲሴምበር 25ን በጾሙ መካከል የሚያሳልፉት የአሜሪካና የአውሮፓ አጥቢያዎችም በዚያው ቀን ቢተባበሩ፣ አዲስ ሥርዓት መደንገግ አያስፈልግም። ሰንበት ትምህርት ቤቶችም የተራራውን ታሪክ ለልጆች ሲተርኩ ከእንስራው ቢጀምሩ፣ እያንዳንዱ ክፍል ውኃ የሚቀዳላቸው አንድ አረጋዊ ወይም አንዲት አቅመ ደካማ በሠፈሩ ማግኘት ይችላል።