በሦስት ወንዞች የተሣለ ባዶ

ስዕል የጀመረ ሰው አንድ ቀን ወንበር መሣሉ አይቀርም። መጀመሪያ ላይ ደግሞ ያበላሸዋል። እጁ የሚከተለው ዓይኑ ያየውን ሳይሆን ጭንቅላቱ «ወንበር ማለት እንዲህ ነው» ብሎ የያዘውን ነዋ! መላው ቀላል ነው፤ ወንበሩን ተዉትና በእግሮቹ መካከል ያለውን ክፍተት ሣሉ። ክፍተት ስም ስለሌለው ጭንቅላት የሚያጭበረብርበት ነገር ያጣል። ክፍተቶቹ በትክክል ከወጡ ወንበሩ በራሱ ጊዜ ብቅ ይላል። ኔጋቲቭ ስፔስ የሚባለው ይኸው ነው። አሜሪካዊቷ መምህርት ቤቲ ኤድዋርድስ በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ ዘዴውን ለብዙ ጀማሪ አድርሳዋለች።

እኔ ልምምዱን በካርታ ሞከርኩት። የጋምቤላን ምዕራባዊ ድንበር በቃል ልሣል ስል አፍንጫ የመሰለ ነገር ወጣ። ከዚያ መሬቱን ትቼ ውሃውን ብቻ ሣልኩ፤ ባሮን፣ ፒቦርን፣ አኮቦን። ሦስቱ ሲያልቁ ጋምቤላ በመካከላቸው ተቀምጣለች።

ድንበሩ መጀመሪያ ሲሣልም እንደዚሁ ነበር። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና እንግሊዞች የተፈራረሙት ውል ወሰኑን የሚያሳየው በካርታ ላይ በተሰመረ ቀይ መስመር ነው። መስመሩ እነዚህን ሦስት ወንዞች ተከትሎ ይወርድና ሜሊሌ የሚባል ቦታ ሲደርስ ውሃውን ትቶ 6ኛው የሰሜን ኬክሮስና 35ኛው የምሥራቅ ኬንትሮስ ወደሚገናኙበት ነጥብ ያመራል። በቃ፣ በማስመሪያ! ያው ውል በኢታንግ አካባቢ፣ ባሮ ዳር፣ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለሱዳን መንግሥት ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ፈቀደ። የተመረጠው ቦታ የዛሬዋ ጋምቤላ ከተማ ሆነ። ክረምት ባሮ ሲሞላ መርከብ ከካርቱም ይመጣል፣ ቡና ጭኖ ይመለሳል። ይህ እስከ ሱዳን ነጻነት፣ እስከ 1948 ዓ.ም. ድረስ ዘለቀ።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ለካርታ ሠሪው ወንዝ ጠርዝ ነው። ለአኝዋክ ግን ወንዝ መሃል ነው፤ መንደሩ በወዲህም በወዲያም ዳር አለ፣ ጎርፉ ሲሸሽ በተወው እርጥብ ደለል ላይ በቆሎ ይዘራል። ኑዌሩ ከብቱን በበጋ ወደ ወንዙ ያወርዳል፣ ክረምት ሲገባ ወደ ደረቁና ከፍ ወዳለው ምድር ይመለሳል። ቀዩ መስመር ቤት መሃል አለፈ ማለት ነው። ከመስመሩ ወዲህ በወረቀቱ ላይ ነጭ ሆኖ የቀረውን ደግሞ ማንም ልብ ብሎ አልሣለውም።

እኛ ኮድ ጸሐፊዎች ቶሎ የምንማረው ነገር አለ፦ በዳታቤዝ ውስጥ ባዶ ሕዋስ ማለት ዜሮ ማለት አይደለም። «አልተመዘገበም» ማለትም ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ያምታታ ሰው ሲስተሙ ሥራ ከጀመረ በኋላ ያለቅሳል።

የጋምቤላ ነጭ ቦታም እንደ ዜሮ ተነበበ። «ጥቅም ላይ ያልዋለ መሬት» ከተባለው ውስጥ 100,000 ሄክታር በጥቅምት 2003 ዓ.ም. ካሩቱሪ ለተባለ የሕንድ ኩባንያ በሊዝ ተሰጠ። ኩባንያው ባሮ እንዳይገባ የአፈር ግድብ ሠራ፣ በቆሎ ዘራ። በቀጣዩ ክረምት ባሮ ሞልቶ ግድቡን ጥሶ ገባና በቆሎውን ይዞት ሄደ። ሜዳው ባዶ መስሎ የታየው በየዓመቱ ውሃው ስለሚተኛበት ነበር። በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. መንግሥት ውሉን ሰረዘ።

ካርታዬን ከዚያ ወዲህ በሁለት ወረቀት ነው የምሣለው። የየካቲቱ ላይ ወንዞቹ ቀጭን ናቸው፤ ዳርና ዳራቸውን የከብት ማደሪያና የደለል ማሳ ስጨምር ነጩ እያነሰ ይሄዳል። የነሐሴው ግን እስካሁን አላለቀም። ባሮ የት ጋ አልቆ ሜዳው የት ጋ እንደሚጀምር እርሳሴን የማሳርፍበት ጠርዝ አጥቻለሁ።