እንግዶች የተከሉት ዛፍ

በሺያህና በአካባቢው ስትመላለሱ ባለ ቀለም መሐረብ በአንገታቸው ያሰሩ ልጆች አጋጥመዋችሁ ይሆናል። እነዚህ ልጆች ስካውቶች ናቸው። ስካውት ወደ ቤይሩት የገባበት ታሪክ እኛን ስደተኞችን በቅርብ ይመለከተናል።

የስካውት መሥራች እንግሊዛዊው የጦር መኮንን ሮበርት ቤደን ፓወል ናቸው። በ1907 እ.ኤ.አ. ብራውንሲ በምትባል ትንሽ ደሴት 20 ያህል ወንዶች ልጆችን በድንኳን አሰፈሩ። የባለጠጋና የሠራተኛ ልጆችን ቀላቅለው በአነስተኛ ቡድን ከፈሏቸው፤ ለየቡድኑም ከልጆቹ መካከል አለቃ ሾሙ። ልጆቹ እሳት ማንደድ፣ ገመድ መቋጠርና ዱካ መከተል ተማሩ። ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ግን አደራ ነበር፤ ጓደኞቹን እንዲጠብቅ የታመነ ልጅ አስቀድሞ ራሱን መግዛት ይለምዳልና።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1912፣ ስካውት ቤይሩት ደረሰ። ያስጀመሩትም ከህንድ የመጡ ሙስሊም ወንድማማቾች፣ አብዱል ጀባር ኸይሪና አብዱል ሳታር ኸይሪ ነበሩ። በፈረንሳይ ደግሞ ኢየሱሳዊው ካህን አባ ዣክ ሴቨን በ1920 የካቶሊክ ስካውትን ከመሠረቱት አንዱ ሆኑ፤ በ1930ዎቹ በሊባኖስም የካቶሊክ ስካውት ተቋቋመ። በአገራችንም ከጣሊያን ወረራ በፊት በአዲስ አበባ ስካውቶች ነበሩ።

ስካውት የሌላውን ስካውት ሁሉ ወንድም እንዲሆን ሕጉ ያዝዘዋል። ሊባኖስ ውስጥ ግን የየሃይማኖቱ ወገን የራሱን ማኅበር አቋቋመ። በ1975 ጦርነቱ ሲፈነዳ ሺያህና ጎረቤቷ አይን ኤል ሩማኔ በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ ተለያዩ፤ መንገዱም እስከ 1990 የጦር ግንባር ሆነ። የወንድማማችነት ቃል የገቡ ልጆች በሁለቱም ወገን ያደጉበት ዘመን ነበር። ቃል መግባት ብቻውን ጦርነትን አያስቀርም፤ ቃሉ ሥራን ይሻል።

ያ ሥራ ነሐሴ 4 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ወደቡ ከፈነዳ በኋላ ታየ። የተለያዩ ማኅበራት ስካውቶች መጥረጊያና አካፋ ይዘው ወጡ፤ የተሰበረ መስታወት ጠረጉ፤ ለተጎዱት እርዳታ አደረሱ።

እኛም በዚህች ከተማ እንግዶች ነን። ብዙዎቻችን የሰው ልጅ እያሳደግን፣ የራሳችንን ልጆች ከሩቅ እንናፍቃለን። እንግዳ የሚሰጠው ነገር እንደሌለው ሲነገረን፣ ከህንድ የመጡትን ሁለቱን ወንድማማቾች እናስታውስ። የሰው አገር ልጆችን አደራ አስተማሩ፤ የተከሉት ዛፍም ከመቶ ዓመት በኋላ ዛሬም ያፈራል።