ጉግስና ገና ከእግር ኳስ ጎን የተሣሉባቸው ቴምብሮች

ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በ1954 ዓ.ም በአዲስ አበባ ሲካሄድ ኢትዮጵያ የመታሰቢያ ቴምብሮች አሳትማለች። በቴምብሮቹ ላይ ከእግር ኳስ ሌላ የፈረስ ጉግስ፣ የገና ጨዋታና የማራቶኑ ጀግና አበበ ቢቂላ ተሥለዋል።

ጥር 13 ቀን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ በዛሬው አዲስ አበባ ስታዲየም፣ በተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ ኢትዮጵያ በመደበኛው ሰዓት ሁለት እኩል ከተለያየች በኋላ በጭማሪ ሰዓት ግብጽን 4 ለ 2 አሸነፈች። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። እስከ ዛሬም ሀገሪቱ ያገኘችው ብቸኛው የአፍሪካ ዋንጫ ይኸው ነው።

ቴምብሮቹ የአርሶ አደሩን ጨዋታ ከስታዲየሙ ጨዋታ እኩል አክብረዋል። ስታዲየሙ ዛሬም ቆሞ ይታያል። ከመካነ ሰላም እስከ ሌሎች ደጋማ አካባቢዎች ግን የገና ሜዳ አጥርም መቀመጫም የሌለው መስክ ነው፤ ወጣቶች ዱላና ጥንግ ይዘው ካልወጡበት የሚቀረው ሥዕሉ ብቻ ነው።