የአሮጌ ጠረጴዛ መጋዝ መለያ ቢላ፦ ጥቅሙና አስተካካዩ

የጠረጴዛ መጋዝ ክብ ላማው ከጠረጴዛው መሃል ብቅ ብሎ የሚሽከረከር የእንጨት መሰንጠቂያ ማሽን ነው። ከላማው በስተኋላ የሚቆመው ስስ ብረት መለያ ቢላ ይባላል። ስሙ ቢላ ይሁን እንጂ ስለት የለውም፤ አይቆርጥም። ሥራው የተሰነጠቀው እንጨት መልሶ እንዳይገጥም ለያይቶ መያዝ ነው።

ለምን ያስፈልጋል?

ጣውላ በውስጡ ውጥረት አለው። ሲሰነጠቅ ሁለቱ ወገኖች አንዳንድ ጊዜ ተጠጋግተው ላማውን ይቆነጥጡታል። የላማው የፊት ጥርሶች ወደ ታች ሲወርዱ የኋላዎቹ ወደ ላይ ይወጣሉ። እንጨቱ የኋላዎቹን ከነካ አንስተው ወደ ሠራተኛው ይወረውሩታል። ዓይን እስኪጨፈን ጊዜ አይሰጥም። እንጨቱ ሆድ ወይም ፊት ይመታል፤ ከዚያ የከፋው ደግሞ የሚገፋውን እጅ ወደ ላማው ሊስበው መቻሉ ነው።

በአሮጌ መጋዞች ላይ ይህ ብረት ብዙ ጊዜ ተነቅሎ ጠፍቷል ወይም ተጣሟል። የተጣመመ ቢላም እንጨቱን ስለሚያጣብቅ ሠራተኛው በኃይል እንዲገፋ ያደርገዋል፤ ስለዚህ መኖሩ ብቻ አይበቃም።

ትክክለኛው ልክ

• ውፍረት፦ ከላማው አካል ወፈር፣ ላማው ከሚከፍተው ስንጥቅ ደግሞ ቀጠን ማለት አለበት። ለምሳሌ የላማው አካል 2.2 ሚሊ ሜትር፣ ስንጥቁ 3.2 ሚሊ ሜትር ከሆነ 2.5 ሚሊ ሜትር ቢላ ይስማማል።
• ርቀት፦ ከላማው ጥርሶች ከ3 እስከ 8 ሚሊ ሜትር።
• ከፍታ፦ ጫፉ ከላማው ከፍተኛ ጥርስ በጥቂት ሚሊ ሜትር ዝቅ ይላል።

አሠራሩ

1. ስፒናው ከሶኬት ይነቀላል። ማብሪያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም።
2. ሰጋቱራው ይጠረጋል፤ የቢላው መያዣ ንጹሕ መሆን አለበት።
3. አስቀድሞ ላማው ይስተካከላል፤ ቢላው የሚከተለው ላማውን ነውና። አንድ ጥርስ በእርሳስ ምልክት ይደረግበትና ከጠረጴዛው ቦይ ያለው ርቀት ከፊት ይለካል። ላማው በእጅ ዞሮ ያው ጥርስ ከኋላ ሲደርስ እንደገና ይለካል። ሁለቱ ልኮች እኩል መሆን አለባቸው። ከዚያ ላማው ከጠረጴዛው ጋር ቀጥ ብሎ መቆሙ በስኳድራ ይታያል።
4. ላማው ከፍ ይደረግና ቀጥ ያለ የእንጨት ማስመሪያ ከፊትና ከኋላ ጥርሶች ጎን ተደግፎ እስከ ቢላው ይዘረጋል። ጥርሶቹ ግራና ቀኝ የተዘመሙ ከሆነ ወደ ማስመሪያው ያዘመሙት ይመረጣሉ። በማስመሪያውና በቢላው መካከል ትንሽ ክፍተት መኖር አለበት። በላማው ሌላ ጎንም እንዲሁ ይደረጋል፤ ሁለቱ ክፍተቶች እኩል ከሆኑ ቢላው መሃል ላይ ነው።
5. ወደ አንድ ወገን ካደላ ቡሎኑ ላላ ተደርጎ ከመያዣው ሥር ስስ ሮንዴላ ይጨመራል ወይም ይቀነሳል። የተጣመመ ቢላ በመዶሻ ከሚቃና ቢለወጥ ይሻላል።
6. ቡሎኑ ከጠበቀ በኋላ እንደገና ይለካል፤ ሲጠብቅ ብረቱ ይንሸራተታልና።
7. ላማው በእጅ ሙሉ ዙር ይዞራል። ዝቅ፣ ከፍና ዘመም ሲልም ቢላው የትም መንካት የለበትም።

የመጀመሪያው ሙከራ

አጭር ያልሆነ ቀጥ ያለ ጣውላ ይመረጣል። ሠራተኛው ከላማው ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ጎን ይቆማል፤ መጨረሻውን በመግፊያ እንጨት እንጂ በእጁ አይገፋም። ጓንት፣ ሰፊ እጅጌና የተንጠለጠለ ነጠላ ክልክል ነው። እንጨቱ ቢላው ጋ ሲደርስ ከያዘ አይገፋም፤ ማሽኑ ጠፍቶ ላማው እስኪቆም ይጠበቃል፣ ልኩም እንደገና ይታያል።

መጋዙ የቢላ መያዣ ከሌለው ከቤት በተገኘ ብረት መበየድ አደገኛ ነው። ለዚያው ሞዴል የተሠራ ካልተገኘ በዚያ መጋዝ ጣውላ በቁመቱ አለመሰንጠቅ ይሻላል። አደጋ ከደረሰ በእስራኤል የአምቡላንስ ስልክ 101 ነው። ነገር ግን ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ለልኩ የሚጠፋው ግማሽ ሰዓት ጣትን ያተርፋል።